አርባ አንድ በር፣ አንድ ሸራ

ሐሙስ፣ ግንቦት 11
ከፎቶ ቤቱ

ለእልኸኛው ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ አለሁ። አለሁ ማለቴ፣ በእግሬ እሄዳለሁ፣ እህል ይወርድልኛል፣ ስሳደብም ድምፄ እንደ ድሮው ነው። አክስትህም አለች። ከዚህ ሌላ ደህና የሆነ ነገር ስለሌለ በሰላምታ ወረቀት አላባክንም።

ሰፈራችንን እያፈረሱት ነው። የወንዙ ዳር ረድፍ፣ አሥራ አንድ ቤት፣ ከትናንት ወዲያ ማክሰኞ ሄዷል። ሠላሳው ቤት ተራውን ይጠብቃል። እስከ ግንቦት 30 ድረስ እዚህ ስንኖር እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ ካላመጣን፣ የፈረሰበትም ያልፈረሰበትም፣ አርባ አንዳችንም ምትክ ቤት የለንም። "ሕገወጥ ሰፋሪ" ተብለን ሜዳ ላይ መውደቃችን ነው። አያትህ ቆዳ ሲያለፋበት የኖረ ግቢ ውስጥ ተወልጄ፣ አንተንም እዚያው ወልጄ፣ ዛሬ ሰፋሪ! ማስረጃው ደግሞ ያለው አንተ ጋ ነው። ካለ ማለቴ ነው። ከሌለም የሌለው በእኔ ምክንያት ነው። ይኸው፣ ገና ሳልጀምር አመለጠኝ። አሁን ተቀመጥና ስድብህን በተራው ተቀበል።

መጀመሪያ ስልክህ። ሰኞ ደወልኩ፣ ማክሰኞ ደወልኩ፣ ያቺ ድምጿ የማር ወለላ የሆነ ሴትዮ "የደወሉለት ቁጥር አገልግሎት አይሰጥም" ትለኛለች። ሰደብኳት። ጫማ ሰፊው ጎረቤታችን "እትዬ ፎቶ፣ ማሽን እኮ ናት" ቢለኝ እሱንም ጨመርኩት። "ሁለተኛ እንዳትደውልልኝ" ያልኩህ እኔ ነኝ፤ አልካድኩም። ግን የሰው ልጅ እናቱ እንዲህ ስትለው ሁለት ቀን ያኮርፋል፣ ቢበዛ ሳምንት። አንተ ቁጥርህን ቀይረህ አንድ ዓመት ከአራት ወር! ከልጅነትህ ጀምሮ ጫማ አድርግ ስልህ በባዶ እግርህ፣ ብላ ስልህ ጦምህን፣ ሂድ ስልህ ቁጭ። ከሁሉ መርጠህ የሰማኸኝ ይህችኑ ነው?

ስለዚህ ደብዳቤ ጻፍኩ። የምታመጣልህ የጤና ጣቢያችን ነርስ ናት። ጉርድ ፎቶ ላነሳት ስል ዓይኗን እየጨፈነች ሦስት ጊዜ ያስደገመችኝን ልጅ ታስታውሳታለህ? እሷ ናት። ለሥልጠና አንተ ወዳለህበት ከተማ ቅዳሜ ትበርራለች። አድራሻህን ያገኘሁት ያንን መጽሔት ከላክህበት ፖስታ ላይ ነው። መጽሔቱን ምን እንዳደረግኩት እደርስበታለሁ፤ ፖስታውን ግን አስቀምጬው ነበር። ለምን ብለህ እንዳትጠይቀኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የካቲት ላይ ከማስነሻ ጽሕፈት ቤቱ አንድ ሰውዬ መጣ። "ማህተም" እንለዋለን፤ ማህተሙን ደረት ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞራል፣ ከመምታቱ በፊት ደግሞ "እፍ" ይልበታል። አንድ እጁ መዝገብ ይይዛል፣ አንድ እጁ አፍንጫውን። የአንድ ቀን የቆዳ ሽታ እንዲህ ካንገሸገሸው፣ እኛ ከተወለድን ጀምሮ የምንተነፍሰው ምን ልንል ነው? ለነገሩ አዲስ አይደለም። የወንዙ ማዶ ሰዎች ጫማውን ሲፈልጉት ቆዳችንን ይወዱታል፣ እኛን ሲያዩ ግን "ፋቂዎቹ መጡ" ብለው መንገድ ይቀይራሉ። ማህተም በየበሩ እየቆመ "እያንዳንዱ አባወራ ቤተሰቡን ይዞ በቤቱ በር ላይ የተነሳው አንድ ፎቶ ያቅርብ" ብሎ ነግሮን ሄደ።

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ መጣ። ልጄ፣ እንዴት ደስ እንዳለኝ ልንገርህ? ስልክ ሁሉንም ፎቶ አንሺ ካደረገው ወዲህ የፎቶ ቤቴን ደፍ የሚረግጠው የኪራይ ሰብሳቢውና ድመቷ ብቻ ነበሩ። ያን ሰሞን ወረፋ ሆነ! ባለ ደረጃውን ሸራዬን ከጥቅልሉ አውጥቼ አራገፍኩት። ታውቀዋለህ፤ የድንጋይ ደረጃ፣ ግራና ቀኝ አበባ፣ ከላይ ደመና የሌለበት ሰማይ። ኮቱንም ታውቀዋለህ። የዚህ ሰፈር ወንድ ሁሉ መታወቂያው ላይ ያንን ጥቁር ኮት ነው የለበሰው፤ ለቀጭኑ ከጀርባው በመርፌ ቁልፍ አጠብለታለሁ፣ ለወፍራሙ ከጀርባው ተተርትሮ ክፍት ነው፣ ከፊት ማን ያያል?

ሸራውን በሁለት አጣና ወጥሬ ከበር በር ዞርኩ። በያንዳንዱ ቤት በር ላይ ተከልኩት። ቤተሰቡን ፊት አሳጠብኩ፣ ኮቱን አለበስኩ፣ ደረጃው ፊት አቆምኩና አነሳሁ። ሰዉ ነው የለመነኝ። "እትዬ ፎቶ፣ እንደ ሰው አድርገሽ አንሺን፣ እንደ ልጅሽ እንዳታዋርጂን" ብለውኝ ነው።

አርባ አንድ ፎቶ። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። አንዲትም ደብዛዛ የለችባቸውም።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ማህተም አስጠራን። እኔ፣ አክስትህና ጫማ ሰፊው ሄድን። ሰውዬው ፎቶዎቹን ካርታ እንደሚጫወት ሰው ጠረጴዛው ላይ ደርድሯቸዋል።

"እናቴ፣ ይሄ የማን ቤት ነው?" አለኝ።

"የዚህ የጫማ ሰፊው።"

"ይሄኛውስ?"

"የእህቴ።"

"ይሄኛውስ?"

"የቆዳ ኖራ በጥባጩ። ምን ያደርግልሃል፣ ከኋላው ተጽፏል እኮ!"

"ደረጃው አንድ ነው" አለኝ ጣቱን እያዘዋወረ። "አበባው አንድ ነው። ኮቱ ሳይቀር አንድ ነው። አርባ አንዳችሁ በአንድ ቤት ነው የምትኖሩት? ወይስ አንድ ቤተሰብ አርባ አንድ ቤት ሊወስድ ነው?"

"ሸራ ነው!" አልኩት። "የፎቶ ሸራ አይተህ አታውቅም?"

"ሸራ ከሆነማ" አለኝ፣ "ቤቱ የታለ?"

ልጄ፣ ቤቱ ከሸራው ኋላ ነው። የቤት ቁጥሩም ከሸራው ኋላ ነው። እኔው ነኝ የሸፈንኩት።

"ና፣ መጥተህ እይ! በየካቲት በየበራችን አፍንጫህን ይዘህ አልፈህ የለም ወይ?" አልኩት። "እኔ የሚታየኝ የቀረበልኝ ማስረጃ ነው" አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል የሰማሁት ነበር፤ ይኼ ግን ሞኝ አይደለም፣ አውቆ ነው። ቤቶቹን ያውቃቸዋል። ጭቃችን ጫማው ላይ ነበር። "ሐሰተኛ ማስረጃ" ብሎ በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ፣ በሰዉ ፊት ላይ፣ በልጆቹ ግንባር ላይ ማህተሙን መታ። አርባ አንድ ጊዜ እፍ አለ። "ያለ ሸራ እንደገና አንስቼ ላምጣ" ብለው፣ "አንዴ ሐሰተኛ ካቀረባችሁ አዲስ አልቀበልም" አለኝ። ጠረጴዛውን ልገለብጠው ስል አክስትህ ቀሚሴን ይዛ ጎተተችኝ።

ማክሰኞ ዶዘሩ መጣ። የወንዙን ዳር ስለሚያስቀድሙ የአክስትህ ቤት የመጀመሪያው ነበር። አልጋዋን ያወጣች መስሎሃል? መጀመሪያ ያወጣችው ቆዳ መፋቂያዋን ነው፣ ቀጥሎ የተነከረውን ቆዳ ከነገንዳው። ከዚያ ዶዘሩ ጎን ሄዳ ቆመችና ሾፌሩን ምን እንዳለችው ልንገርህ? "የኔ ልጅ፣ ግድግዳው ወደ ጓሮ ያጋደለ ነው፤ በዚያ በኩል ዙርና ግፋው፣ እንዳይደረመስብህ።" እኔ ልነክሰው ደርሻለሁ፣ እሷ ትመክረዋለች! ሾፌሩም እጅ ነስቶ "እሺ እናቴ" ብሎ ዞሮ ገፋው። አንድ ጀበና ውሃ በማይፈላበት ጊዜ የሰባ ዓመት ቤት አቧራ ሆነ። ማንን እንደምሰድብ ጨነቀኝ። ሾፌሩን እንኳ መጥላት ከለከለችኝ።

አሁን ያለችው ፍርስራሹ ላይ ነው። ያንን ሸራዬን ወስዳ በአራት ድንጋይ ወጥራዋለች፤ ሥሩ ቁጭ ብላ ቆዳ ትፍቃለች። "ፎቶ ቤት ነይ" ብላት፣ "ቦታዬን ከለቀቅኩ ኖሬበት አላውቅም ይሉኛል" ትላለች። እውነቷን ነው፣ ይሏታል። ዝናቡ ደግሞ ደርሷል፤ ትናንት ከሰዓት አካፍቶ የተሳለው ሰማያዊ ቀለም እየቀለጠ በአንገቷ ሲወርድ አየሁት። ያቺን ሴት ታውቃታለህ አይደል? እኔ የሰው አንገትጌ ሳስተካክል አንተን አዝላ ያሳደገችህ ናት። ትኩሳትህን በጉንጯ የለካች እሷ ናት። ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ልጅ የላት፣ ያንን በር እንጂ ሌላ የላት።

ትናንት ቅሬታ ሰሚ ዘንድ ገባሁ። ሴት ናት፣ ረጋ ያለች። እየጮህኩ ገብቼ እሷ ዝም ብላ ብትሰማኝ ጊዜ ጩኸቱ አለቀብኝ። እንዲህ አለችኝ፦ "ባለፈው ዓመት የቤት ቆጠራ ከመደረጉ በፊት የተነሳ፣ ሰዉም በሩም ቁጥሩም የሚታይበት ፎቶ ካላችሁ እስከ 30 አምጡ። የኮምፒውተር አይሆንም፣ ሊለዋወጥ ይችላል ይላሉ። ከነፊልሙ ይሁን። ይህ ካለ፣ የፈረሰውም ቢሆን ምትክ ያገኛል፤ እኔ ፈርሜ አስወስናለሁ።"

ከነፊልሙ! እንዲህ ያለ ፎቶ በዚህ ዓለም ላይ ያነሳ አንድ ሰው ነው ያለው፣ እሱም የማይሰማኝ ልጄ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት መጥተህ ያንን አሮጌ የፊልም ካሜራ አንገትህ ላይ አንጠልጥለህ ሃያ ሁለት ቀን ከበር በር ስትዞር፣ "ቢያንስ ፊታቸውን ይታጠቡ፣ ቆዳውን ከበሩ አንሱት" ብዬ ከኋላህ ስከተል፣ "እማዬ፣ ተዪኝ፤ ሰውዬው ከነቤቱ ነው የሚያምረው" ብለኸኝ ነበር። ሰውን ከነጭቃው ማንሳት የት አገር ያለ ሙያ ነው ብዬ ስንት ቀን እንዳበሸቅኩህ አስታውሳለሁ።

አሁን ወደዚያ መጽሔት ልምጣ፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ።

ሲደርሰኝ ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስቤ ነው የከፈትኩት። "ልጄ በሰው አገር ያሳየው ሥራ ነው" ብዬ። ጫማ ሰፊው ራሱን ሲያይ ሳቀ። "የእኔን ገጽ ቅደጂልኝ፣ ግድግዳ ላይ ልለጥፈው" አለ። ማንም አልተቆጣም። ከላይ ሰዉ ለመነኝ ያልኩህ ውሸት ነው። ማንም "እንደ ልጅሽ እንዳታዋርጂን" አላለኝም። ሸራውን ያመጣሁት በራሴ ነው። እንዲያውም ጫማ ሰፊው በሩ ላይ ስተክለው "እትዬ ፎቶ፣ ቤቱን አንሺው እንጂ እኔን ምን ያደርግልሻል? እኔን እኮ አያፈርሱኝም" ብሎኝ ነበር። "ዝም በልና ኮቱን ልበስ!" አልኩት። ለበሰው። የአርባ አንድ ሰው ቤት በእኔ ጩኸት ተሸፈነ።

መጽሔቱን ስገልጥ፣ ስገልጥ፣ እኔን አገኘሁ። በአክስትህ በር ላይ፣ በዱካ ላይ ተቀምጬ፣ እጅጌዬን እስከ ክርኔ ሰብስቤ፣ ጉልበቴ ላይ ቆዳ ዘርግቼ፣ መፋቂያ ይዤ። ፀጉሬ ተበታትኖ። አጠገቤ አክስትህ። ሁሉም አየ። የሰፈሩ ሰው የፎቶ ቤቱ ሥራ ከሞተ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እህቴ ጋ ቆዳ እንደምፍቅ ያውቃል፤ ከጨዋነቱ ነው የማያወራው። የወንዙ ማዶ ሰው ግን አያውቅም ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ክራባት ከመንካቴ በፊት እጄን በሎሚ ስፈትግ የኖርኩት የግቢያችንን የቆዳ ሽታ እንዳያሸትብኝ ብዬ ነው። አንተ ደግሞ ለዓለም ሁሉ አሳየኸኝ። ያን ጊዜ ብው አልኩ። መጽሔቱን፣ ጫማ ሰፊው የለመነኝን ገጽ እንኳ ሳልቀድድለት፣ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት።

ከዚያ ደወልኩልህ። ያልኩህን አንተም አትረሳውም፣ እኔም አልረሳሁትም። "ፊልሙን አቃጥለው፣ አንድም ሳታስቀር! ካላቃጠልከው እናት የለህም፣ ሁለተኛም እንዳትደውልልኝ" አልኩህ። አንተ ምን አልከኝ? ብትከራከረኝ ምን ነበረበት? እንደ ልማድህ ብትነተርከኝ፣ በሩን ብትዘጋብኝ፣ "አላደርገውም" ብትለኝ? "እሺ እማዬ" አልከኝ። ሠላሳ አራት ዓመት "እሺ" ብለኸኝ የማታውቀው ልጅ፣ "እሺ እማዬ" ብለህ ዘጋኸው።

ያቺ "እሺ" ናት እየገደለችኝ ያለችው። አትደውል ስልህ አልደወልክም። አቃጥል ስልህስ?

አንድ ቀን እንኳ በሰማኝ እያልኩ ስለት የገባሁብህ ልጅ ነህ። ዛሬ ደግሞ ጉልበቴን አጥፌ፣ ያን ቀን አልሰማኝ ይሁን እያልኩ ነው። እንቢ ብለህ አስቀምጠኸው ከሆነ፣ በአልጋህ ሥር፣ በሳጥን፣ የትም ወርውረኸው ከሆነ፣ ያ እልኽህ የተባረከ ይሁን፣ ያወረስኩህም እኔ ነኝ። ፊልሙን ሁሉ ለነርሷ ስጣት፤ ግንቦት 26 ትመለሳለች። ውሃ እንዳይነካው አጥብቀህ ጠቅልለው። ለእያንዳንዱ በር አንዳንድ ፎቶ አጥበህ ጨምር።

እና ስማኝ፣ የእኔን ለእኔ ብለህ እንዳታስቀረው። በሮቹን ስታነሳ አክስትህ "ሥራ አለብኝ፣ አልቆምልህም" ብላህ ስለነበር የእሷ በር ያለው በዚያኛው ፎቶ ላይ ብቻ ነው። ቁጥሩ ከጉበኑ ላይ፣ ከራሴ በላይ ይታያል፤ 17 የሚለው። ያን ቀን ፎቶውን ስረግም እንኳ አይቼዋለሁ፣ የፎቶ አንሺ ዓይን ነው። እሱን ከሁሉ አተልቀህ አጥበው። እኔው ራሴ ይዤው እቀርባለሁ። ማህተም አፍንጫውን ይዞ "ይቺ ሴትዮ ማን ናት?" ይለኝ ይሆናል። "እኔ ነኝ" እለዋለሁ። "እጄ ይኸው፣ ሽተተው፤ በሩም የእህቴ በር ነው" እለዋለሁ። ከዚያ እፍ ይበል።

አቃጥለኸው ከሆነም፣ በአንተ ላይ ምንም ቁጣ የለኝም። እናቱን የሰማ ልጅ ምን ይባላል? ለአክስትህ የምነግራትን እኔ እፈልጋለሁ። አንተ ብቻ አቃጥዬዋለሁ ብለህ አትጻፍልኝ፤ ደውለህ ንገረኝ። የእኔ ቁጥር ያው የድሮው ነው፣ ቀይሬው አላውቅም።

ተረጋግቼ ልመርቅህ ነበር፣ አልሆነልኝም፤ እንደተቆጣሁ ተቀበለኝ። የደጅህን ቁጥር የሚሰርዝ አይምጣብህ። ያየኸውን እውነት ከእጅህ የሚነጥቅህ፣ እናትህም ብትሆን፣ አይሳካላት። የምትተኛበት ጣሪያ አያፍስስ። ጉንፋን ይይዝሃል፣ አንገትህን ሸፍን፤ ይህን እንኳ ስማኝ።

ቆዳ ፋቂዋ እናትህ